የትምህርት ቤት በር ሲዘጋ



የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገለጸ፤ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን እንዲዘጉ ተወሰነ፤ መዘጋቱ ግን ወራት ፈጀ።

ውሳኔው ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ ከቂርቆስና ከካዛንቺስ ተማሪዎች ብዙዎቹ የተመለሱት ጎረቤት ከጎረቤት ቧንቧና መጸዳጃ ቤት ወደሚጋራበት ጠባብ ግቢ ነው። «ከቤት አይውጡ» ማለት ቤቱ ሰፊ ለሆነ ሰው ይቀላል።

ከዚህም በላይ ልጅ ሲያስለው፣ ግንባሩ ሲግል፣ ከክፍል ሲቀር ቀድሞ የሚያየው መምህሩ ነበር፤ በሩ ሲዘጋ ይህ ክትትል አብሮ ቀረ። ወደፊት ወረርሽኝ ሲነሣ የክፍሉ ኃላፊ መምህር የስም መጥሪያውን መዝገብ ይዞ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር በየግቢው ሊዞር ይገባዋል፤ ልጁን በስሙና በመልኩ የሚያውቀው እርሱ ነውና።