ቤት ውስጥ ምን ይሠራሉ?

(በተመራቂዎች መሰባሰቢያ ምሽት የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሥራሽ ተናገሪ» ሲሉኝ ስለ ሆስፒታሉ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጋራዤ ነው። አትሳቁ፤ መጨረሻው ሕክምና ነው።

ነገሩ የጀመረው በአባቴ ቼዝ ነው። ሜሪላንድ ይዤው ሄጄ አንዱ ፈረስ ጠፋብኝ። ልተካው ብዬ የቀረውን ፈረስ ሙቀት በሚችል የሲሊኮን ጎማ ሸፍኜ ፎርማ አወጣሁለት። ቲን አቅልጬ ባፈስበት ጆሮው ጎደለ። ደግሜ ባፈስ አፍንጫው ጎደለ። ብረቱ ቀጭኑ ቦታ ሳይደርስ ይረጋል፤ የታፈነው አየርም አያሳልፈውም። መፍትሔው ሁላችንም ከላቦራቶሪ የምናውቀው ሆኖ ተገኘ፤ ማሽከርከር።

ክቡን ፎርማ ሞተር ያዞረዋል። የቀለጠው ብረት መሃል ባለው ቀዳዳ ገብቶ ወደ ዳር ይወረወራል። ከመሃሉ 15 ሴንቲ ሜትር ርቆ በደቂቃ 600 ዙር ሲዞር፣ የሚገፋው ኃይል ከመሬት ስበት 60 እጥፍ ገደማ ነው። ደም በሴንትሪፉጅ ስናዞር ቀይ ሕዋሱ ዳር ይዞ ፕላዝማው ወደ መሃል እንደሚቀር ሁሉ፣ እዚህም ከባዱ ብረት ዳሩን ይሞላል፤ ቀላሉ አየር ወደ መሃል ይሸሻል። ፈረሴ ከነጆሮው ከነጋማው ወጣ። እልል ነው ያልኩት!

የብረቱን አደጋ አልናቅሁትም። ቲን የሚቀልጠው በ232 ዲግሪ ነው፤ ፎርማው ውስጥ ጠብታ ውኃ ካለ ወዲያው እንፋሎት ሆኖ ብረቱን ፊት ላይ ይረጨዋል። እርሳስ ያለበት ድብልቅም ቤቴ አይገባም። ጓንት፣ የፊት መከለያ፣ ሁሉም ነበረኝ።

ከዚያ ወደ ሬዚን ዞርኩ። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ነው። ሁለት ፈሳሽ ታቀላቅላላችሁ፣ ፎርማው ውስጥ ታዞሩታላችሁ፣ አረፋው ወደ መሃል ሸሽቶ ወጥ ሆኖ ይጠነክራል። እሳት የለ፣ ጭስ የለ፣ ይሄ ነው የሚባል ሽታ የለ። ስለዚህ ናቅሁት። በብርዱ ወራት የጋራዡን በር ዘግቼ፣ ከሆስፒታል የማውቀውን ማስክ አድርጌ እሠራ ነበር።

ሌሊት ሌሊት ሳል ጀመረኝ። ጉንፋን ነው አልኩ። ሲቆይ የጨጓራ አሲድ ነው ብዬ ኦሜፕራዞል ዋጥኩ። ለገና አዲስ አበባ መጥቼ ሁለት ሳምንት ሳልስል ተኛሁ፤ «የአገር አየር ነው» አልኩ። ተመልሼ በሳምንቱ ሳሉ ተመለሰ። ይህን ታሪክ አንድ ታማሚ ቢነግረኝ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

በመጨረሻ ወረፋ ይዤ እንደማንኛውም ሰው ታየሁ። ያየኝ ገና በሥልጠና ላይ ያለ ልጅ ነው፤ ከዚሁ ከእኛ ትምህርት ቤት የወጣ። አንገቱን ደፍቶ፣ «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቤት ውስጥ በእጅዎ የሚሠሩት ነገር አለ?» አለኝ።

ዝም አልኩ። ፖሊዩሬቴን ሲቀላቀል ከአንዱ ፈሳሽ ውስጥ አይሶሳያኔት አለ፤ በሥራ ምክንያት ለሚመጣ አስም ዋና ከሚባሉት መንስኤዎች አንዱ። የሆስፒታል ማስክ ብናኝ እንጂ ተን አይከለክልም። ለፈተና ያጠናሁት ነገር ነው እኮ! የትንፋሽ ምርመራው አስም መሆኑን አሳየ። ሬዚኑን ስተው ሳሉ ቀስ በቀስ ተወኝ። ሰውነት አንዴ ከተቆጣ በኋላ ጥቂቱም ይበቃዋልና ዳግም አልነካውም።

ጣሊያናዊው ሐኪም ራማዚኒ፣ ታማሚን ስንጠይቅ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለውን እንድንጨምር በመጽሐፉ የመከረው እ.ኤ.አ. በ1700 ነው። እኔ በየቀኑ እጠይቃለሁ። «ሐኪም» የሚል መልስ ስሰማ ግን እዚያው አቆማለሁ። ራሴም ላይ እዚያው ነበር ያቆምኩት።

መምህሮቻችን፣ ያንን ልጅ ያስተማራችሁት እናንተ ናችሁና አመሰግናችኋለሁ። ለቀጣዮቹም ከ«ሥራ» ቀጥሎ «ከሥራ ውጭስ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ጨምሩልን። ቀለም ቀቢው፣ አናጢው፣ ጌጣጌጥ ሠሪው ሁሉ ነርስ ወይም የባንክ ሠራተኛ ሆኖ ነው ፊታችን የሚቀመጠው።

ፈረሱን ይዤው መጥቻለሁ፤ እየተቀባበላችሁ እዩት። የጠፋው የአባቴ ፈረስ ደግሞ ባለፈው ወር ሶፋ ሥር ተገኝቷል።