የሰው ሰዓት



የኢትዮጵያ ሕግ የአዋቂነትን ድንበር የሚያሰምረው በዕድሜ ነው፤ 18 ዓመት የሞላው ሰው «አካለ መጠን ያደረሰ» ይባላል፣ ይህም ማለት ያለ ሞግዚት ውል መዋዋልና ንብረቱን ማስተዳደር የሚችል ማለት ነው። የአገሬው ቋንቋ ግን በዕድሜ ብቻ አይረካም፤ «ራሱን ቻለ» የሚለው ከወላጅ ኪስ የተላቀቀውን ነው፣ «ቻለ» ደግሞ አቅም ማግኘትን ብቻ ሳይሆን መሸከምንና መታገሥንም ይጨምራል። ዛሬ ዲግሪ የሚቀበሉት ብዙዎቹ ከሁለቱ የ«ቻለ» ትርጉሞች የመጀመሪያውን ይዘዋል ሊባል ይችላል፤ ሁለተኛው የሚጀምረው የሌላ ሰው ሰዓት በእጃቸው ሲገባ፣ ማለትም ወላጅ ወይም አለቃ ሲሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሁለቱንም በአንድ ወቅት ሲሆኑ ነው።

ይህን የሰዓት ጉዳይ ለመመልከት ድሬ ዳዋ ከብዙ ከተሞች ይልቅ ትመቻለች፣ ራሷ ከባቡር ጋር የተወለደች ናትና። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ከብዶት በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች፤ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ በሆነው በደቻቱ ወንዝ አንደኛው ዳር የባቡር ኩባንያው በቀጥታ መንገዶች የቀየሰው ከዚራ፣ በሌላው ዳር ነዋሪው በልማዱ ያሳደገው መጋላ የተባሉ ሰፈሮች ቆሙ። ለምድር ባቡር ሠራተኛ ሰዓት የደመወዝ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፣ የቤቱ ምሳና እንቅልፍም በዚያው ይመራ ነበር። ያም ሆኖ ከተማዋ ለሰዓት ፈጽሞ አልተገዛችም፤ በቀትር ሱቅን ዘግቶ ቤት መግባት ሙቀቱ ያስገደደው፣ ሥራን ከሰው አካል ጋር ያስታረቀ ልማድ ነው (ከደጋ ተሹሞ የመጣ ሥራ አስኪያጅ ስንፍና ብሎ ሊጠራው ቢቸኩል፣ የመጀመሪያው ግንቦት ሐሳቡን ያስቀይረዋል)።

ሰዓት በቤትና በሥራ መካከል እንዴት እንደሚከፈል ሕጉም የሚለው አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ መሪ አድርጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213፣ ቤተሰብን በመምራት ረገድ ባልና ሚስት እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ፤ ብዙ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ሲያወጡ ድሬ ዳዋ ግን እንደ አዲስ አበባ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ በመሆኗ ይኸው አዋጅ በቀጥታ የሚሠራባት ከተማ ሆነች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በበኩሉ ለምትወልድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሲሰጥ፣ ለአባት የሚሰጠው ከሙሉ ደመወዝ ጋር 3 ተከታታይ ቀን ነው። የእናት አካል ማገገም እንዳለበት ግልጽ ነው፤ ሆኖም አንዱ ሕግ በቤቱ እኩል መሪ ያለውን ሰው ሌላው ሕግ በአራተኛው ቀን ከሥራ ገበታው ላይ ይፈልገዋል፤ በሁለቱ አዋጆች መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ዞሮ ዞሮ የቅርብ አለቃው ነው፤ ይህ ሥልጣኑ ደግሞ በየትኛውም የሥራ መዘርዝር ላይ አይጻፍም።

ሰውን ማስተዳደር ከመጻሕፍት ብቻ የሚቀሰም ትምህርት አይደለም። አፎቻ በሐረርና በድሬ ዳዋ የሚታወቅ፣ አባላቱ በሐዘንና በሠርግ የሚረዳዱበት፣ ለእድር የሚቀርብ ማኅበር ነው። እንዲህ ያለውን ማኅበር የሚሰበስበው ሰው ደመወዝ አይጨምርም፣ ማንንም ከሥራ አያሰናብትም፤ ድንኳኑ የሚተከለው አባላቱ ሲመጡ ብቻ ነው። በመሆኑም አባል ሲቀር ብልህ ሰብሳቢ ቅጣት ከመጻፉ በፊት ሰው ይልካል፣ «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ያስጠይቃል፤ መልሱ አንዳንዴ የታመመች እናት፣ አንዳንዴም ለመናገር የሚያሳፍር ማጣት ሆኖ ይገኛል። የመሥሪያ ቤት አለቃ ግን ሕግ የሰጠው ጉልበት አለው፤ አዲስ ሠራተኛን ከ60 የሥራ ቀን በማይበልጠው የሙከራ ጊዜ ውስጥ ለሥራው አይስማማም ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል። ጉልበቱ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ጉዳቱ መጠየቅን ማስረሳቱ ነው።

ይህ መርሳት በቅርብ የሚታየው በፋብሪካ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው የፈረቃ ሰሌዳ ነው፤ ፈረቃ ሠራተኞች ቀንና ሌሊቱን ተከፋፍለው በየተራ የሚገቡበት አሠራር ነው። የሌሊት ተረኛ የሆነች እናት ልጇን ትኩሳት ሲይዘው ከባልደረባዋ ጋር ተራ እንድትለዋወጥ ትጠይቃለች እንበል። ተቆጣጣሪው እሺ ብሎ በእስክሪብቶ ሁለት ስም ሰርዞ ቦታ ቢያለዋውጣቸው ምርት አይጓደልም፣ እርሱም ደግ ይባላል። ይሁንና የባልደረባዋ ባል በዚያው ሌሊት የጥበቃ ተረኛ ከሆነ ልጆቻቸው ብቻቸውን ሊያድሩ ነው፤ ባልደረባዋ ደግሞ በጓደኛዋ ፊት «አልችልም» ማለት ከብዷት ዝም ልትል ትችላለች። ሰሌዳው ይህን አያሳይም። ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን ከማንሣቱ በፊት ባልደረባዋን ለብቻዋ ጠርቶ «አንቺስ፣ ማታ ልጆቹ ጋ ማን አለ?» ብሎ ቢጠይቃት ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም።