ከመሣሪያው አስቀድሞ መምህሩ

(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት አርእስት ላፕቶፕ እየተባለ የሚጠራው ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር በትምህርት ቤቶቻችን ክፍሎች ውስጥ ስለሚሰጠው አገልግሎት፥ ይልቁንም በዚህ መሣሪያ እንዲያስተምር ስለሚታዘዘው ሰው ነው። ስለ መሣሪያው ዋጋና ስለ ብዛቱ ብዙ ይነገራል፤ በርክክቡም ዕለት ፎቶግራፍ ይነሣል። መሣሪያው ከሳጥኑ ከወጣ በኋላ በማግሥቱ ጧት ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ስለሚቆመው መምህር ግን የሚነገረው እጅግ ጥቂት ነው።

በደቡብ ወሎ፥ ከደሴ ከተማ በስተሰሜን፥ ሁለት ሐይቆች በጉርብትና ይኖራሉ። አንደኛው በአጠገቡ ያለችው የሐይቅ ከተማ ስሟን የወሰደችበት ነው፤ ሁለተኛው ከእርሱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፥ ከፍ ካለው ስፍራ ላይ የተኛው አርዲቦ ነው። አርዲቦ ከጎረቤቱ ከፍ ብሎ ስለ ተቀመጠ፥ ሲሞላ የሚተርፈው ውኃ መውረጃው ወደ ታችኛው ሐይቅ ነው፤ ገበሬውም ለመስኖ ይጠልፈዋል። ነገር ግን ውኃ ከላይ ስለ ተከማቸ ብቻ የታችኛው ማሳ አይረካም። ቦዩን የሚቀይስ፥ ደለሉን የሚጠርግ፥ የተናደውን የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል፤ ተራውንም የሚያስጠብቅ የውኃ አባት ያስፈልጋል። እነዚህ ሳይኖሩ ውኃው ቢለቀቅ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል እንጂ ማሳውን አያለማውም። ላፕቶፕም እንደዚሁ ነው። ብዙ መጽሐፍ፥ ብዙ ሥዕል፥ ብዙ ስሌት በውስጡ ተከማችቷል፤ ወደ ተማሪው አእምሮ የሚያደርሰው ቦይ ግን መምህሩ ነው። ቦዩ ሳይቆፈር ውኃ የተለቀቀበትን ጊዜ ከገዛ አገራችን ታሪክ ማየት እንችላለን።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን «ፕላዝማ» የተባለው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ተስፋፍቶ ነበር። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ እየተዘጋጀ፥ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ለመላው አገር በአንድ ጊዜ ይተላለፍ ነበር። የበቃ መምህር ባልተገኘበት ስፍራ ጥቅም እንደ ሰጠ አይካድም። ነገር ግን በመስተዋቱ ውስጥ ያለው አስተማሪ ተማሪው ገብቶት እንደ ሆነና እንዳልሆነ ሊያይ አይችልም፤ በክፍሉ ውስጥ ያለው መምህርም ንግግሩን ሊያስቆመው አይችልም። መብራት የጠፋ እንደ ሆነ የዕለቱ ትምህርት አመለጠ ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ መምህራን በገዛ ክፍላችን ውስጥ መሣሪያ ከፋችና ዘጊ ሆነን ቀረን እያሉ ያዝኑ ነበር።

ቀጥሎም በ2000 እና በ2001 ዓ.ም. ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር የመሠረቱት «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት ያዘጋጃቸው፥ አረንጓዴና ነጭ ቀለም ያላቸው ትንንሽ ኮምፒውተሮች ወደ አገራችን መጡ። ቁጥራቸው በሺህ የሚቆጠር ነበር፤ በአዲስ አበባና በገጠር ላሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ታደሉ። ሕፃናቱ መሣሪያውን በቶሎ ለመዱት፤ ፎቶግራፍ አነሡበት፥ ሣሉበት፥ ተጫወቱበት። ነገር ግን ሥራውን የተከታተሉ ተመራማሪዎች እንደ ገለጡት፥ በቂ ሥልጠና ያላገኙት መምህራን መሣሪያውን ከትምህርታቸው ጋር የሚያገናኙበት መንገድ ስለ ጠፋቸው፥ በክፍል ውስጥ ተማሪውን የሚያውክ ዕቃ ሆኖ ታያቸው። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ሲዞር ተማሪው ወደ ጨዋታው ይዞር ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ በኩል በሚገኙ ሁለት መንደሮች፥ ትምህርት ቤት ላላዩ ጥቂት ሕፃናት ታብሌት ያለ አስተማሪ ሰጠ። ሕፃናቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛውን ፊደል በዜማ እንዳወጡ፥ ከወራትም በኋላ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው እንደ ከፈቱ በዓለም ጋዜጦች ተወራ። እኛም በልጆቻችን ብልሃት ደስ ይለናል። ሆኖም ካሜራ መክፈት አንድ ነገር ነው፤ አንድ ሦስተኛ ከአንድ አራተኛ ለምን እንደሚበልጥ ማስረዳት ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን ለማወቅ የሚጠይቅ፥ የሚያርም፥ የሚያበረታ ሰው ያስፈልጋል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም።

በሌላውም ዓለም የታየው ከዚህ አይርቅም። በደቡብ አሜሪካ የምትገኘው ፔሩ ከ800,000 የሚበልጡ ላፕቶፖች ለተማሪዎቿ አደለች። በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ተደርጎ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 የወጣው ጥናት ግን፥ በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ላፕቶፕ ባገኙትና ባላገኙት መካከል ልዩነት አላገኘም። በዚያው አህጉር የምትገኘው ዑራጓይ በ2007 በጀመረችው ፕላን ሴይባል በተባለው ሥራ መሣሪያውን ብቻ አልሰጠችም፤ ጥገናውን፥ የኢንተርኔቱን መሥመር፥ መምህሩንም የሚያግዝ ሌላ መምህር ጭምር አቆመች። እዚያም ቢሆን የፈተናው ውጤት ወዲያው አልጨመረም፤ ነገር ግን ድጋፉን የሚያካሂድ ቋሚ መሥሪያ ቤት ስለ ተተከለ ሥራው ሳይቋረጥ እየታረመ ቀጥሏል።

እስቲ እንግዲህ ነገሩን ወደ አርዲቦ መልሰን እንመልከተው። ለምሳሌ ያህል፥ በሐይቁ ዙሪያ ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት 40 ላፕቶፖች መጡ እንበል። ንብረት ክፍሉ በሞዴል 19 ገቢ ያደርጋቸዋል። መምህራኑ ለሁለት ቀን ወደ ከተማ ተጠርተው ማብራትና ማጥፋት፥ ደብዳቤም መጻፍ ይማራሉ፤ አበላቸውን ተቀብለው ይመለሳሉ። በሦስተኛው ሳምንት ግማሹ ተረስቷል። ሃያ ዓመት ያስተማረ፥ በመንደሩ የተከበረ፥ ለእርቅና ለጋብቻ ሽማግሌ ሆኖ የሚላክ መምህር በሃምሳ ሕፃናት ፊት ቆሞ ሳለ መሣሪያው እንቢ ይለዋል። አንዱ ደፋር ተማሪ ተነሥቶ «እንዲህ እኮ ነው» ብሎ ሲያሳየው ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። በማግሥቱ መምህሩ ላፕቶፑን አያወጣውም። ለምን ቢሉት ባትሪው ደክሟል ይላል። ደግሞም በሞዴል 22 ፈርሜ ያወጣሁት ዕቃ ቢሰበር ከደመወዜ ይቆረጥብኛል ብሎ ይሠጋል። እንዲህ እያለ መሣሪያው ሁሉ ወደ ቁም ሣጥን ይገባል፤ ቁልፉም በዳይሬክተሩ ኪስ ይከርማል።

ይህን መምህር ሰነፍ ብለን ብንወቅሰው ፍርዳችን የተዛባ ይሆናል። ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፥ ሲይዙት ያደናግር እንደሚባለው፥ ከሩቅ ሆኖ ያዘዘው ሰው ችግሩን አላየውም። መምህሩ የሚጠብቀው ክብሩን ነው፤ ክብሩ ከተዋረደ ሌላውንም ትምህርት በሚገባ ሊያስተምር አይችልም። ስለዚህ ዕቅድ የሚያወጣ ሁሉ የሚከተሉትን አምስት ነገሮች እንዲያስብባቸው እለምናለሁ።

አንደኛ፥ መምህሩ ላፕቶፑን ከተማሪው ቢያንስ አንድ መንፈቅ ዓመት አስቀድሞ ይቀበል። ወደ ቤቱ ይውሰደው፤ ማንም ሳያየው ይሳሳትበት፤ የፈተና ጥያቄ ይጻፍበት፤ የተማሪዎቹን ማርክ ይደምርበት። ለራሱ ሥራ የጠቀመውን ዕቃ ለተማሪው ለማሳየት አይፈራም።

ሁለተኛ፥ ሥልጠናው ስለ መሣሪያው ሳይሆን ስለ ትምህርቱ ይሁን። የሒሳብ መምህር በሒሳብ፥ የሳይንስ መምህር በሳይንስ ይሠልጥን። በአርዲቦ ዳር ያለ መምህር ተማሪዎቹን በየሰኞው ወደ ሐይቁ ወስዶ፥ መለኪያ ምልክት በተደረገበት እንጨት የውኃውን ከፍታ ሊያስለካቸው ይችላል። ቁጥሩን በላፕቶፑ ሠንጠረዥ ውስጥ ያስገቡ፤ ክረምትና በጋውን የሚያሳይ ሥዕል ያውጡ፤ ውኃው ለምን እንደ ጨመረና እንደ ቀነሰ ይከራከሩ። በዚህ ጊዜ መሣሪያው የመምህሩ ረዳት ይሆናል። ኢንተርኔት በሌለበትም ስፍራ ይህ ትምህርት ይሠራል።

ሦስተኛ፥ ሥልጠናው የሁለት ቀን ግርግር መሆኑ ይቅር። በአገራችን መመሪያ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለተከታታይ የሙያ ማሻሻያ እንዲሰጥ ተደንግጓል። ከዚህ ውስጥ 24ቱ ሰዓት ለዚህ ሥራ ቢመደብ፥ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሁለት ሰዓት ሆኖ ለ12 ጊዜ ይበቃል። መምህሩ ዛሬ የተማረውን ነገ በክፍሉ ይሞክረዋል፤ ያልሆነለትን በሚቀጥለው ስብሰባ ይጠይቃል። ጥቂት እየተማሩ ወዲያው መሥራት፥ ብዙ ተምሮ ከመርሳት ይሻላል።

አራተኛ፥ ለትምህርት ቤቶች ጉድኝት አንድ የውኃ አባት ይሾም። ይህ ሰው ከመምህራኑ መካከል የተመረጠ፥ የማስተማር ሰዓቱ የተቀነሰለት፥ የትራንስፖርት ወጪው የታሰበለት ይሁን። ሥራው ወደየክፍሉ እየገባ ከመምህሩ ጎን መቆም ነው። መዝገብ ይዞ ነጥብ የሚሰጥ ተቆጣጣሪ ከሆነ ግን መምህሩ ችግሩን ይደብቅበታል። በእጁም መጠባበቂያ ቻርጀርና ባትሪ፥ እንደዚሁም መጠነኛ የጥገና ገንዘብ ይኑረው።

አምስተኛ፥ ስለ ንብረትና ስለ መብራት ግልጥ ደንብ ይውጣ። በትምህርት ሥራ ላይ ሳለ ያለ ቸልተኝነት የተበላሸ ዕቃ መምህሩን እንደማያስከፍለው በጽሑፍ ይነገረው። መብራቱንም አስቀድሞ ማስላት ይገባል። 40 ላፕቶፖች እያንዳንዳቸው 45 ዋት ቢስቡ ጠቅላላው 1,800 ዋት ነው፤ ይህም አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከሚስበው ግማሽ ያህል መሆኑ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀጭን ማከፋፈያ ገመድ ላይ መሰካት እሳት መጋበዝ ስለሚሆን፥ ተራ አውጥቶ መሙላት፥ መሥመሩንም በባለሙያ ማስመርመር ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለው ሥርዓት ለወሎ ምድር እንግዳ አይደለም። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ትምህርት ባቋቋሙ ጊዜ መጻሕፍትን አሰባስበው ነበር፤ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ዘመናቸው ከታወቀ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍታችን አንዱ ነው። ነገር ግን መጽሐፉን በመደርደሪያ ላይ ትተው አልሄዱም። ደቀ መዛሙርትን ለብዙ ዓመታት አስተማሩ፤ ከእነርሱም አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በተራቸው ብዙ መምህራንን አፈሩ። በእስልምናውም ትምህርት በጌታና በዳና የነበረው ልማድ ይህንኑ ይመስላል፤ ደረሳው ከሸኹ እግር ሥር ለዓመታት ይቀመጣል፥ የበሰለውም ጀማሪውን ያስቀራል። አባቶቻችን በሁለቱም ወገን መምህርን በሁለት ቀን አላወጡም፤ ካወጡትም በኋላ ብቻውን አልተዉትም።

ምናልባት አንድ ሰው ተነሥቶ «ገንዘቡ ለመሣሪያው እንኳ አልበቃ፤ ለሥልጠና ከየት ይመጣል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በቅርቡ ካየነው መከራ ውስጥ ይገኛል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ሐይቅ በደረሰ ጊዜ፥ የወሎ ዩኒቨርሲቲና በአካባቢው ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ንብረታቸው ተዘርፏል፥ ተሰባብሯል። በብዙ ዓመት የተሰበሰበ ዕቃ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጠፋ። መምህሩ የተማረውን ግን ማንም በመኪና ጭኖ ሊወስደው አይችልም፤ በተመለሰ ጊዜ ባዶ ክፍል ውስጥም ቢሆን ሊጀምር ይችላል። ለመምህሩ የወጣው ገንዘብ ከሁሉ የተጠበቀ ነው ማለቴ በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖቻችን፥ ለተማራችሁበት ትምህርት ቤት 20 ላፕቶፖች ለመላክ ገንዘብ ባሰባሰባችሁ ጊዜ፥ 15ቱን ላኩና የአምስቱን ዋጋ ለመምህራኑ ሥልጠናና ለጥገናው መድቡት። በትምህርት ቢሮና በወረዳ ያላችሁ ሹማምንት፥ ሪፖርታችሁን ስትጽፉ ስንት ላፕቶፕ እንደ ታደለ ብቻ አትቁጠሩ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ስንት መምህራን ማንም ሳያዝዛቸው በራሳቸው ፈቃድ በክፍላቸው እንደሚገለገሉበት ቁጠሩ። ወላጆችም ልጃችሁ ላፕቶፕ ማየቱን ብቻ ሳይሆን ምን እንደ ተማረበት ጠይቁት። አንተም መምህር ሆይ፥ አላውቅም ብሎ መጠየቅ ክብርህን አይቀንሰውምና፥ አብሮህ የሚሠራውን ባልደረባህን ሳታፍር ጠይቅ።

በአርዲቦ ዳር የሚኖረው ገበሬ የመስኖ ውኃ ከመልቀቁ በፊት አካፋውን ይዞ ቦዩን ለመጥረግ ይወጣል። እኛም ሳጥኖቹ ሳይከፈቱ ተመሳሳዩን እንድናደርግ በማሳሰብ ንግግሬን እፈጽማለሁ።