የሰውነት ዘበኛና ሰይፉ

(በትምህርት ቤቱ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ዘበኛ የሚቀጠረው ቤትን ከሌባ እንዲጠብቅ ነው። ነገር ግን ዘበኛው ሌባውን ሲያባርር በሰይፉ የቤቱን ምሰሶ ቢቈርጥ ምን ይደረጋል? ቢሰናበት ሌባው ይገባል፤ ዝም ቢባል ቤቱ ይፈርሳል። በሰውነታችንም ውስጥ እንዲህ ያለ ችግር ስላለ፥ ከሳይንስ ትምህርታችን የተረዳነውን በአጭሩ ልናስረዳችሁ ወደድን።

ዘበኛው ኑትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ነው። ጀርም ወደ ሳንባ በገባ ጊዜ ፈጥኖ ደርሶ ይውጠዋል። ሰይፉም ኤላስቴዝ የተባለው ኤንዛይም ነው። ይህ ኤንዛይም ጀርሙን ለመግደል ይረዳል፤ ዳሩ ግን ከሕዋሱ ውጭ በብዛት ሲፈስ ሳንባ እንዲለጠጥና እንዲሰበሰብ የሚያደርጉትን ክሮች ይቈራርጣል።

ፈጣሪ ለዚህ ሰይፍ ሰገባ አበጅቶለታል፤ ይኸውም በጉበት የሚሠራው አልፋ 1 አንቲትሪፕሲን የተባለው ፕሮቲን ነው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1963 ሎሬልና ኤሪክሰን የተባሉ የስዊድን ሊቃውንት ይህ ፕሮቲን የጐደላቸውን 5 ሰዎች አገኙ፤ ከእነርሱም 3ቱ ሳንባቸው የተጐዳ ነበር። የሲጋራ ጢስ ደግሞ ሁለት በደል ይሠራል፤ ዘበኞቹን ወደ ሳንባ ይሰበስባል፥ ሰገባውንም ያበላሻል።

ብሮንኪየክታሲስ በሚባለው በሽታ የሳንባ ቱቦዎች ሰፍተው አክታ ይቋጥራሉ። ይህ በሽታ ከሳንባ ነቀርሳ ወይም ከከባድ የሳንባ ምች በኋላ ሊመጣ ይችላል። ለዚሁ በሽታ ብሬንሶካቲብ የተባለው እንክብል በነሐሴ ወር 2025 በአሜሪካ ተፈቀደ። መድኃኒቱ ዘበኛውን አይገድልም፤ ኑትሮፊል በአጥንት መቅን ውስጥ ሲያድግ ሰይፉን የሚስለውን ሌላ ኤንዛይም ያግዳል እንጂ። በ1,721 ሕመምተኞች ላይ አንድ ዓመት በተፈተነ ጊዜ፥ ሳይወስዱ ከቈዩት 100 ሰዎች ላይ በሽታው 129 ጊዜ ያህል ሲነሣ፥ ከወሰዱት 100 ሰዎች ላይ ግን 102 ወይም 104 ጊዜ ያህል ተነሣ።

ቍጥሩ ትንሽ የሚመስለው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በሽታው በተነሣ ቍጥር ሳንባ ይጐዳልና፥ አንድ ጊዜ እንኳ መቅረቱ ለታማሚው ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ የሰፋውን ቱቦ ወደ ቀድሞው አይመልስም። የፈረሰውን ከመጠገን አስቀድሞ መጠበቅ ይሻላል።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ ሲጋራን ከመጀመር እንከልከል። እናንተም ወላጆቻችን፥ ሁለት ሳምንት የቈየ ሳል በቤት ውስጥ ሲኖር ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተዉት፤ በሐኪም ይመርመር።