ከ12ኛው ክፍል በኋላ ወዴት? በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን በምናከብርበት በዚህ በዓል፣ እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን አስቀድመን ምስጋናችንን እናቀርባለን። እንዲህ ባለ ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም መናገር የተለመደ ነው። ነገር ግን ልጆቻችሁን አሥራ ሁለት ዓመት ላስተማራችሁ ወላጆች ትምህርት ይጠቅማል ብሎ መስበክ ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብናል። ስለዚህ የምንናገረው ስለ አንድ ጠባብ ነገር ነው፤ ይኸውም በዓመቱ መጨረሻ ከዚህ በር ስንወጣ ወዴት እንደምንሄድ፣ ለዚያም ጉዞ ስንቃችንን መቼ እንደምናሰናዳ ነው።

ይህን አሳብ ወደ ልባችን ያስገባው ከእኛ በፊት የነበረ የአንድ ተማሪ ነገር ነው። ስሙን አናነሣም። በክፍሉ ከፊተኞቹ የሚቆጠር፣ ለእኛም ሒሳብ ያስረዳን የነበረ ልጅ ነው። የአገር አቀፉ ፈተና ውጤት የወጣ ዕለት ስልኩን አየና ምንም ሳይናገር ከአጥሩ ሥር ተቀመጠ። ለማለፍ የጎደለው ጥቂት ነጥብ ነበር። ሊያጽናኑት የመጡት ሁሉ «እንግዲህ ምን አሰብህ?» ብለው ጠየቁት፤ እርሱም መልስ አልነበረውም። መልስ ያጣው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ከዚያ ቀን በፊት ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆት ስለማያውቅ ነው። ከሰው ዓይን ተሸሽጎ ብዙ ሳምንት ከቤት ዋለ። በመጨረሻ ወደ ሙያ ኮሌጅ ለመግባት ቆርጦ ቢሄድ የምዝገባው ቀን አልፎ ቆየው። አንድ ዓመት እንዲሁ ባከነበት። አባቶቻችን መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው፣ ድስት ከተጣደ በኋላ ማልቀስ ምን ይረባል የሚሉት ይህን ለመሰለ ነገር ነው።

የዚህ ልጅ ነገር የእርሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ ቁጥሩን እንመልከት። ለማለፍ ከመቶ 50፣ ማለት ከ600 ነጥብ 300 ማግኘት ያስፈልጋል። በመላው አገራችን ከተፈተኑት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ከፍ እያለ መምጣቱ ደስ ያሰኛል። ሆኖም በ2017ቱ ልክ እንኳ ብንቆጥር፣ ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና የሚበልጡት ያሰቡትን ሳያገኙ ቀርተዋል። ይህን የምንናገረው ጓደኞቻችንን ለማስፈራራት አይደለም። ከመቶ ሰው ከዘጠና በላይ የሚደርስበትን ነገር «እኔን አያገኘኝም» ብሎ መቀመጥ ግን ድፍረት ሳይሆን ቸልታ ነው።

ስለዚህ በክፍላችን ተሰብስበን አንድ ሥራ ሠራን። እያንዳንዳችን አንድ ወረቀት ወስደን በሦስት ከፈልነው። በመጀመሪያው «ካለፍሁ»፣ በሁለተኛው «ጥቂት ከጎደለኝ»፣ በሦስተኛው «ብዙ ከጎደለኝ» ብለን ጻፍን፤ በየሥሩም የምንሠራውን ዘረዘርን። የመጀመሪያውን ሁላችን ፈጥነን ሞላነው። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዲት እኅታችን «ይህን መጻፍ በራስ ላይ ማሟረት ነው» ብላ እርሳሷን አስቀመጠች። የክፍላችን ኃላፊ መምህርም «ገበሬ ጎተራ የሚሠራው ረኀብን ለመጥራት ነውን?» ብለው ጠየቋት። እርሷም ጥቂት አስባ እርሳሷን አነሣች፤ እኛም ሁላችን ጻፍን። ዛሬ ልንነግራችሁ የምንወደው ከዚያ ወረቀት የተማርነውን ነው።

የመጀመሪያው የሰነድ ነገር ነው። የ8ኛ ክፍል የምስክር ወረቀታችንን፣ ከ9ኛ ጀምሮ ያለውን የውጤት መዝገባችንንና የፋይዳ መታወቂያችንን አጠገብ ላጠገብ ብናስቀምጥ፣ ከመካከላችን የአንዳንዱ ስም በሦስቱ ላይ ሦስት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። «ገብረ» ያለበት የአባት ስም በአንዱ ተያይዞ፣ በሌላው ተለያይቶ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ደግሞ በሌላ አጻጻፍ ተጽፏል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በመስከረም በአንድ ማመልከቻ የሚታረመው ስሕተት፣ በሰኔ ከሆነ ተማሪውን ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲያመላልስ የጥናቱን ጊዜ ይበላበታል። ወላጆቻችን ሆይ፣ የልጆቻችሁን ወረቀት ዛሬ ማታ ከሣጥን አውጥታችሁ ስሙን ፊደል በፊደል እንድታነቡት እንለምናችኋለን። ማንበብ የማትችሉም ብትሆኑ ልጃችሁን አስቀምጡና አስነብቡት።

ሁለተኛው የጥናት ነገር ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብ፣ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪ፣ በባዮሎጂና አፕቲቲዩድ በሚባለው የማመዛዘን ችሎታ ፈተና እንፈተናለን። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ፈንታ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ አላቸው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናውን በኮምፒዩተር የሚወስዱ ተማሪዎች አሉ፤ ስለዚህ በትምህርት ቤታችን ኮምፒዩተር ክፍል ተራ ገብተን እጃችንን ማለማመድ ይገባናል። ጥያቄውን እያወቀ መዳፊቱን ባለማወቅ ጊዜ የሚያባክን ሰው እጅግ ያሳዝናል።

በዚህም ነገር አንድ የከበደ ቃል ለመናገር ፍቀዱልን። ወረቀታችንን ስንሞላ በቀን ስንት ሰዓት እንደምናጠና ጽፈን ነበር። ወንዶቹ ሦስትና አራት ሰዓት ጻፍን። ከእኅቶቻችን ብዙዎቹ ግን አንድ ሰዓት ጻፉ፤ ያውም ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ። ውኃ ቀድተው፣ እንጀራ ጋግረው፣ ታናናሾቻቸውን አስተኝተው የሚተርፋቸው ይኸው ነው። ፈተናው ግን ለወንድና ለሴት አንድ ነው። ስለዚህ እኛ ወንዶቹ በየቤታችን ማጀት ገብተን የሥራውን እኩሌታ ልንወስድ ተስማምተናል። እናቶቻችን ሆይ፣ ወጡን ብናሳርረው አትሳቁብን፤ ጥቂት ቀን ብትታገሡን እንለምዳለን።

ሦስተኛው ዩኒቨርሲቲ የመምረጥ ነገር ነው። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት፣ በአገሩ ውስጥ ከፍተኛ ትምህርት ለመማር ለሚፈልግ ተማሪ ምርጫው ጠባብ ነበር። ዛሬ ከ40 የሚበልጡ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ይሁን እንጂ ክፍላችን ውስጥ «ለምን ያን መረጥህ?» ሲባል «ከተማው ደስ ይላል»፣ «ጓደኛዬ ስለ መረጠው» የሚል መልስ ብዙ ሰማን። ምርጫ በከተማ ውበት አይሆንም። ጎንደር የሕክምናውን መንገድ የጀመረው በ1947 ዓ.ም. በተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ሐሮማያ ከእርሻ ኮሌጅነት፣ አርባ ምንጭ ከውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት ተነሥተው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኖ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ፣ እርሱን የሚያስብ ተማሪ ለሁለት ፈተና መዘጋጀቱን ማወቅ አለበት። እንግዲህ እያንዳንዱ የትኛውን ትምህርት እንደሚያስተምር፣ ከየት እንደ ተነሣ ጠይቆ መምረጥ የእኛ ፈንታ ነው።

ለወላጆቻችንም አንድ ነገር በአክብሮት እናስታውሳለን። ከመካከላችን «ሐኪም ካልሆንህ ልጄ አይደለህም» የተባለ አለ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርቶችን ይማራል፤ የሙያው ነገር የሚለየው ከዚያ በኋላ በውጤቱና በምርጫው ነው። በመመረቂያውም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። ሳይወደው የገባበትን ትምህርት እስከዚያ ድረስ መሸከም ከባድ ነው። ምከሩን፤ ምክራችሁን እንሻለን። ነገር ግን ልጃችሁ ምን እንደሚወድ ጠይቃችሁት ካላወቃችሁ፣ ዛሬ ወደ ቤት ስትመለሱ በመንገድ ላይ ጠይቁት።

አራተኛው ሁለተኛው በር ነው። ማለፊያውን ሳያገኙ ነገር ግን መንግሥት በየዓመቱ ለሚወስነው ነጥብ የደረሱ ተማሪዎች፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሪሜዲያል በሚባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት እንደ ገና የመሞከር ዕድል አግኝተዋል። ይህ ዕድል የውርደት ምልክት አይደለም፤ ወድቆ የተነሣ ሰው መንገዱን ከሌላው አብልጦ ያውቃል። ወደ ግል ኮሌጅ የሚሄድ ደግሞ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ኮሌጁ ብቻ ሳይሆን የሚማርበት የትምህርት ክፍልና የሚማርበት ቅርንጫፍ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው መሆኑን ያጣራ። በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ፈቃድ አይደለም። ወደ ውጭ አገር እልክሃለሁ ብሎ አስቀድሞ ብር የሚጠይቀውንም ሰው ሳትመረምሩ አትመኑት።

ሦስተኛም በር አለ፤ እርሱም የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ነው። በአገራችን በእጅ ሥራ የሚያድረውን ሰው ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ እያሉ መናቅ የቆየ ክፉ ልማድ ነበር። ነገር ግን የትምህርት ቤታችን መብራት በጠፋ ጊዜ ሁላችን በር በሩን እያየን የጠበቅነው ሽቦውን የሚያውቀውን ሰው ነው። በደረጃ ተምሮ፣ የብቃት ምዘናውን አልፎ በሙያው የሚያድር ልጅ ለቤተ ሰቡ ኩራት እንጂ እፍረት አይደለም። የዚያ በር መመዝገቢያ ቀን ግን እኛን ቆሞ አይጠብቅም፤ ያንን ወንድማችንን የጎዳውም ይኸው ነው። ስለዚህ በአካባቢያችን ያሉትን ኮሌጆች ሄደን ጠይቀን፣ የሚሰጡትን ሙያና የሚመዘግቡበትን ወራት ጽፈን በክፍላችን ግድግዳ ላይ ሰቅለናል። መጥታችሁ እንድታዩት እንጋብዛችኋለን።

የመጨረሻው የገንዘብ ነገር ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ ወጪ መጋራት የሚባል ውል ይፈርማል፤ ሥርዓቱ በ1996 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን፣ ተማሪው ከወጣበት ወጪ የድርሻውን ሥራ ከያዘ በኋላ እንዲከፍል ያደርጋል። ሳያነቡ መፈረም አይገባም። ከዚህም ሌላ የመጓጓዣው፣ የብርድ ልብሱ፣ የደብተሩ ወጪ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንድ ጊዜ ይመጣል። ይህን ስንቆጥር ስለ ምረቃችን ያሰብነው ድግስ ዓይናችን ውስጥ ገባ። አዳራሽ ለመከራየት፣ ለየቀኑ ልዩ ልዩ ቲሸርት ለማሳተም፣ ለፎቶግራፍና ለኬክ ያሰብነውን ደመርነው፤ ለብዙዎቻችን ወላጆች የወር ገቢ ሆኖ አገኘነው።

ብዙ ተከራክረን፣ ጥቂትም ተኰራርፈን፣ በመጨረሻ ተስማማን። በዓሉ በዚሁ በግቢያችን ይሆናል። አንድ ቲሸርት ብቻ እናሳትማለን። ዳቦውን እናቶቻችን ይደፉልናል። የተረፈውን ብር በአንድ ሣጥን አስቀምጠናል፤ ቁልፉ በሁለት ተማሪዎችና በአንድ መምህር እጅ ነው። ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ ደርሶት መሣፈሪያ ያጣ፣ ወይም ኮሌጅ ለመመዝገብ የሚከፍለው የጎደለው ከዚያ ሣጥን ይወስዳል። የሚወስደውም ስሙ አይነገርም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለጦር ሜዳ ብቻ አይደለም።

የተወደዳችሁ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች፤ በሚመጣው ዓመት እኛ የተቀመጥንበት ወንበር የእናንተ ነው። ባዶ የሆኑትን ባለ ሦስት ክፍል ወረቀቶች ለእናንተ አባዝተን አስቀምጠናል። እባካችሁ ሦስተኛውን ክፍል ባዶ አትተዉት። እኛም ውጤት በሚወጣበት ቀን፣ ያለፈውም የጎደለበትም፣ ሁላችን ወደዚህ ግቢ ልንመጣ ቃል ተገባብተናል። በዚያ ቀን ከአጥሩ ሥር ለብቻው የሚቀመጥ ጓደኛ አይኖረንም። «ምን አሰብህ?» የሚለውን ጥያቄ የምንጠይቀው ዛሬ ነው፤ ያን ቀን ግን «ወረቀትህን አምጣና ከጻፍኸው እንጀምር» እንባባላለን።

መምህሮቻችን ሆይ፣ ያስተማራችሁን ፊደል ብቻ አይደለምና እናመሰግናችኋለን። ወላጆቻችን ሆይ፣ ድካማችሁን እናውቃለን። ውጤታችን ምንም ቢሆን እንደ ልጆቻችሁ ተቀበሉን።