መትከል ብቻውን አይበቃም
(ለዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



እኛ ከእንጦጦ ሥር የምንኖር ሰዎች ክረምት በገባ ቁጥር በፈቃዳችን እየወጣን ጥድና ወይራ እንተክላለን። ደግ ሥራ ነው። ዳሩ ግን መትከል የአንድ ቀን፣ ማሳደግ የዓመታት ሥራ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጥቶ ጋራውን ያለበሰው ቶሎ ስለሚያድግ፣ ቢቆረጥም ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ነው። ጥድ እንደሱ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ከተቆረጠም አለቀ። ጋራው ሲራቆት ደግሞ ጎርፉ ወደ ቤታችን ነው የሚወርደው።

ስለዚህ ከኅዳር እስከ የካቲት ችግኙን ውሃ እናጠጣ፤ ሥሩን በደረቅ ሣር እንሸፍን፤ ከብት እንዳይበላው በእሾህ እንጠር። ለቀብር ስንጠራ የማንቀር ሰዎች፣ ለችግኝስ በወር አንድ እሑድ ብንወጣ ምን አለበት? ጡረተኞቹም ጊዜው አለን። ጥላው ለልጅ ልጆቻችን ነው።

ያበርታን!