ጉልበት እንዲጨምር የተነካካ የውሃ መሳቢያ ሞተር ሲደክም ምን እናድርግ?

የተከበራችሁ የደልጊና የአካባቢው ሞዴል አርሶ አደሮች!

የዛሬው ርዕሳችን ጉልበቱ እንዲጨምር ተብሎ ከተነካካ በኋላ በደንብ አልሠራ ያለ የቤንዚን ውሃ መሳቢያ ሞተር ነው። ሽንኩርት ራስ በሚይዝበት ጊዜ ሞተር ለአንድ ሳምንት ቆመ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ደግሞም ጎረቤት የሚከተለው እናንተን ነው፤ በእናንተ ሞተር ላይ የተደረገ ነገር ነገ በሌላውም ላይ ይደረጋል።

ሞተሩ መጀመሪያ ለምን ደከመ?

የጣና ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ በየ300 ሜትሩም የሞተር ጉልበት 3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ 6.5 የፈረስ ጉልበት የተጻፈበት ሞተር አዲስ እንኳ ቢሆን እዚህ የሚሰጠው 5 ገደማ ነው። ውሃ የመሳብ አቅሙም ይቀንሳል፤ ከውሃው ወለል እስከ ፓምፑ ያለው ከፍታ ከ5 እስከ 6 ሜትር ካለፈ ውሃው ይመነምናል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የቦታው ጠባይ ነው።

የተለመዱ አራት ለውጦችና መዘዛቸው

1. ጂግለር መቦርቦር፦ ቤንዚኑ ይበዛል፣ አየሩ ግን ያው ስስ ነው። ጥቁር ጭስ፣ ጥቀርሻ የለበሰ ካንዴላና የቤንዚን ፍጆታ መጨመር ምልክቶቹ ናቸው። ለከፍታ ቦታ የሚስማማው እንዲያውም ጠበብ ያለ ጂግለር ነው።

2. የአየር ፊልትሮ ማውጣት፦ የበጋው አቧራ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ፒስቶኑንና ፋሻውን ይፍቃል። ሰማያዊ ጭስ ካያችሁ፣ ዘይት ቶሎ ቶሎ ካነሰና ሞተሩ ለመነሳት ካስቸገረ ጉዳቱ ደርሷል።

3. የገቨርነር ሞላ ማጥበቅ፦ ፓምፑን በ10 በመቶ ለማፍጠን 33 በመቶ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ያስፈልጋል፤ የሚገኘው ውሃ ግን የሚጨምረው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከልክ በላይ የሚሽከረከር ሞተር ደግሞ ቢየላውን ሰብሮ ጎኑን ሊበሳ ይችላል።

4. ማርሚታ መቁረጥ፦ ድምፁ ስለሚጨምር ጉልበት የጨመረ ይመስላል። የቤንዚንና የአየሩ ሚዛን ይዛባል፤ የሚወጣው ፍንጣሪም ገለባ ሊያቃጥል ይችላል።

ሞተር ሳይክል ያላችሁም ልብ በሉ፤ አብዛኛው ነገር ለእሱም ይሠራል።

ችግሩን የማግኛ ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ሌላ ነገር ከመነካካታችን በፊት ሁሉንም እንደ ፋብሪካው እንመልስ። የተቦረቦረ ጂግለር አይጠገንም፤ በትክክለኛው ቁጥር ይቀየራል። ፊልትሮውና ማርሚታው ይመለሱ፤ ሞላው ወደ ቀድሞ ቦታው ይግባ። ዘይቱንም እንይ።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ጥቂት ከሠራ በኋላ አጥፍተን፣ ሲቀዘቅዝ ካንዴላውን ፈትተን እንይ። ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጥቁርና ደረቅ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል ወይም ፊልትሮው ተደፍኗል። በዘይት ከራሰ ፋሻው ወይም ቫልቩ አልቋል። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል ወይም በሆነ ቀዳዳ አየር ይገባል።

ሦስተኛ፣ የሞተሩን ችግር ከውሃው ችግር እንለይ። ሞተሩ በጥሩ ድምፅ እየሠራ ውሃው ካነሰ ካርቡራተሩን አትንኩ። የመሳቢያው ወንፊት በእምቦጭ ወይም በደለል ተደፍኖ፣ ቱቦው አየር እያስገባ ወይም ፓምፑ ከውሃው ርቆ ሊሆን ይችላል። ፓምፑን ውሃ ሳትሞሉ ደግሞ አታስነሱ፤ የውሃ መከላከያ ሲሉ ይቃጠላል።

አራተኛ፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥና እንለካ። ባለ 200 ሊትር በርሜል በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ በስልካችሁ ለኩና ጻፉ። ጆሮ ያታልላል፤ በርሜል አያታልልም።

ውሃው ሲርቅ

ፓምፑን ወደ ውሃው ማስጠጋት ከማንኛውም የጋራዥ ለውጥ የበለጠ ይጠቅማል፤ የመግፊያው ቱቦ ቢረዝም ይሻላል። ነገር ግን የቤንዚን ሞተር በፍጹም ወደ ጉድጓድ አታውርዱ! ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የወረደውን ሰውም፣ ሊያወጣው የገባውንም ይገድላል። የጉድጓድ ውሃ ከጠለቀ ሞተሩ ውጭ ላይ ቀርቶ ሌላ ዓይነት ፓምፕ መጠቀም ያስፈልጋል።

እንግዲህ የዛሬው መልእክት አጭር ነው፤ መጀመሪያ ወደ ነበረበት መመለስ፣ ቀጥሎ መለየት፣ ከዚያ መለካት። አሁን በቡድን በቡድን ሆነን ካንዴላ ወደምናይበት ሠርቶ ማሳያ እንለፍ።